ከሻርፑ ሥር

ሀምሴ ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ፊት ለፊቷ እነግራታለሁ፤ እሷም "ማን ነው እንዲህ ያለሽ?" ብላ ሌላ ሰው ትጠረጥራለች። ጅግጅጋ ውስጥ ከእሷ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ ስሰፋ ብዙ ዓመቴ ነው። የሱቄ በር ወደ መንገዱ፣ መስኮቱ ወደ ግቢዋ ይከፈታል፤ ስለዚህ የሚያመልጠኝ ነገር ጥቂት ነው። ይህንንም ታውቃለች። አንድ ጊዜ መስኮቱን ልታስደፍን ግንበኛ አምጥታ ነበር፤ ግንበኛው ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ሌባ ነው ብላ አባረረችው። መስኮቴም በዚሁ ተረፈ።

ስሜ ኬሪያ ነው። አባቴ ከወራቤ ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው በተረበሸ ጊዜ የስፌት መኪናዬን ተሸክማ ቤቷ ያስገባችልኝ ሀምሴ ናት። የስንቱ ሱቅ ሲሰበር የእኔ መኪና እሷ አልጋ አጠገብ ብርድ ልብስ ተደርቦለት ተቀመጠ። ነገሩ ከበረደ በኋላ ስትመልስልኝ ግን መርፌዎቹን አንድ በአንድ ፊቷ አስቆጠረችኝ። "ነገ ጎደለ ብትዪስ?" አለች። ላመሰግናት ከፍቼ የነበረውን አፌን ዘጋሁት። እንዲህ ናት፤ ደግ ስትሆን እንኳ ምስክር ትፈልጋለች።

ይህ ጠባይ የመጣባት ከአባቷ ሥራ ነው ባይ ነኝ። አባቷ አው ኤልሚ ደገሀቡር ገበያ የታወቁ የግመል ደላላ ነበሩ። እዚያ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዢ፣ ወይም ደላላውና ገዢው፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ከላይ የትከሻ ሻርፕ ይጣልበታል፤ ከሥር ጣት በመጫን ዋጋ ይባባላሉ። ከበው የቆሙት ሰዎች ምንም አያውቁም። ከተስማሙ ደላላው የገዢውን መዳፍ በመዳፉ መታ ያደርጋል፤ ያ ከሆነ አለቀ፣ ማንም አያፈርሰውም። ሀምሴ ልጅ ሆና ለአባቷ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ ትሄድና አጠገባቸው ትቆም ነበር። አፋቸው ስለ ዝናብ ያወራል፣ እጃቸው ስለ ግመል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ሲያናግራት አፉን አትሰማም፤ ከሥር ምን እያለ እንደሆነ ነው የምትፈልገው።

አው ኤልሚን ወደ ጅግጅጋ ያመጣቻቸው እናቷ ከሞቱ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጫማ መፈለግ፣ የሰገዱትን መልሶ መስገድ ነበር። ኋላ አንድ ጠዋት ሻይ ስታቀብላቸው "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ። ሀምሴ ሐኪሙን ጠርጥራ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ያኛውም ያንኑ ሲል ሁለቱ ተደዋውለዋል አለች። ገበያ የነበራትን የድሪያ፣ የሶማሌ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ፣ መደብ ዘግታ ጨርቁን ቤቷ አመጣች፤ ደንበኛ በግቢው በር ላይ ቆሞ ይገዛል፣ ወደ ውስጥ ግን አይገባም።

በሩ እንዲህ የጠበቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ቀን አው ኤልሚ ወጥተው ጠፉ፤ ሲፈለጉ ከብት ገበያው መሀል ተገኙ። ሀምሴ ይዛቸው ገብታ ገና ውሃ ሳታጠጣቸው አንድ ነጋዴ በሩን አንኳኳና "ፍየሎቹን ልወስድ ነው" አለ። ፍየሎቿን ሸጠውለታል። በወጉ፣ ከሻርፑ ሥር፣ እጅ መትተው። ሰውየው አጭበርባሪ አልነበረም፤ እጅ የተመታበት ነገር አይፈርስም ብሎ ድርቅ አለ እንጂ። ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌው "ለዚህ ሰው ምን ሸጡለት?" ብሎ ሲጠይቃቸው አው ኤልሚ ነጋዴውን ትክ ብለው አይተው "የትኛው ሰው?" አሉ። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀምሴ ሕግ አወጣች፤ የአባቷን እጅ ማንም አይይዝም። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ በአፉ ብቻ ሰላም ብሎ፣ እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። እሷም ብትሆን ክርናቸውን ነው የምትደግፈው፤ እጃቸውን ከያዝኩ አንድ ነገር ብለው በውል ያስሩኛል ብላ ትፈራለች። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሲናገሩ የኖሩ ሰው እጃቸውን የሚቀበላቸው አጡ። ዘርግተው ይጠብቁና መልሰው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል። ይህን በመስኮቴ ማየት ያናድደኝ ነበር።

ወንድሟ ማሃድ ደገሀቡር የአባቱን ሥራ የወረሰ ደላላ ነው። በየሳምንቱ ይደውላል፤ ሀምሴም ድምፁን ከፍ አድርጋ ታናግረዋለች፤ እኔ እንድሰማላት መሆኑን አውቃለሁ። ከረመዳን በፊት መጥቶ አይቷቸው ነበር። አው ኤልሚ ከወንበራቸው ለመነሳት ሲሞክሩ እሷ ስታነሳቸው፣ ወገቧን ይዛ ግድግዳ ስትደገፍ አየ።

"አንቺም ልትወድቂ ነው" አላት። "ከዒድ በኋላ እመጣለሁ። ራሱ ተነስቶ የሚሄድ ከሆነ እዚሁ ይኑር። ካልሆነ እወስደዋለሁ፤ እኔ ቤት የሚያነሳው ወንድ አይጠፋም።"

እሱ ከሄደ በኋላ መስኮቴ ሥር መጣች። "የአባቴን ግመሎች ፈልጎ ነው" አለችኝ። "አባት ያለበት ቤት ነው የሚከበረው፤ ግመሉም እዚያው ነው የሚቆጠረው።" ይህን ስትል ግን ስለ ግመል የምታስብ ሰው ፊት አልነበራትም። አባቷን እንዳይወስድባት ፈርታ ነበር። አባቷ ደገሀቡር ከሄዱ ገበያው በራፋቸው ላይ ነው፤ አንድ ቀን ገብተው ይጠፋሉ። እሷ ደግሞ ባዶ ቤት ውስጥ ጨርቅ ስትለካ ትቀራለች።

ሮዛ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ሆስፒታሉ ቤት የቀሩ ሕመምተኞችን እየዞረች እንድታይ ልኳታል። ሀምሴ በሩን ገርበብ አድርጋ እዚያው ላይ ጥያቄ ጀመረች።

"ማን ላከሽ?"

"ሆስፒታሉ ነው፣ ኤዶ ሀምሴ።" ኤዶ እዚህ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው፤ ልጅቷ ቶሎ ለምዳዋለች።

"ስሜን ማን ነገረሽ?"

"ካርዱ ላይ አለ።"

"ገንዘብ ስንት ነው?"

"የለውም። ሥራዬ ነው።"

ይሄኛው መልስ ነገሩን አበላሸው። በነጻ የሚመጣ ሰው ሀምሴ ቤት ከሌባ እኩል ነው። ቢሆንም የዒዱን ቀጠሮ አስባ አስገባቻት።

ሮዛ ያሳየችው ነገር ከባድ አልነበረም። አው ኤልሚን የፕላስቲክ ወንበራቸው ጫፍ ላይ አስጠግታ፣ እግራቸውን አስፍታ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብለው እንዲነሱና ቀስ ብለው እንዲቀመጡ አደረገች። የመስኮቱን ብረት ይዘው ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ሀምሴም ድርሻ ነበራት፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ትንፋሿን እንድታስተውል ነው የተባለችው።

"ዓይንዎን ይጨፍኑና…"

"ዓይኔን ጨፍኜ ቤቴን ማን ይጠብቅልኛል?"

"እሺ፣ ክፍት ይሁን። ሐሳብ ሲመጣብዎ አይጣሉት፣ ቀስ ብለው ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ። ስለ ነገ አይደለም፣ ስለ ትናንትም አይደለም። አሁን ያለው ብቻ።"

"አሁንማ አንቺ ነሽ ያለሽው" አለች ሀምሴ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ቦርሳ ላይ ሳትነቅል።

ልጅቷ ስትሄድ መስኮቴ ሥር መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጸሎታቸው ይሆን እንዴ?" አለችኝ። አየር ማስገባትና ማስወጣት የሁሉም ሰው ነው አልኳት። "አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ" ብላኝ ገባች። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ክስ ይዛ መጣች። ሮዛ ስንት ጊዜ ወደቁ፣ ማን ያግዝዎታል፣ ራስዎ በደንብ ይተኛሉ ወይ ብላ ጠይቃታለች። ይህ የማሃድ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ የላካት ማሃድ ነው አለች። እኔም ትንሽ ጥርጣሬ ገባኝ፤ እውነቷን ሊሆን ይችላል ብዬ ቁልፍ ስተክል አረፈድኩ።

የመጨረሻው ጠብ የመጣው በእጅ ነው። ሮዛ የጣት እንቅስቃሴ ልታሠራቸው ስትል ሀምሴ "እጁ አይያዝም" አለች። ለምን ብትባል አልተናገረችም። ሮዛም አልተከራከረች፤ የሻርፓቸውን አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እሷ ይዛ መጎተትና መልቀቅ አመጣች። ጥሩ ሄደ። አንድ ቀን ግን ሀምሴ ድሪያ ልትሸጥ በሩ ላይ እያለች፣ አው ኤልሚ የያዙትን ጨርቅ በእጃቸው ላይ ጣል አደረጉና ከሥሩ የሮዛን እጅ ያዙ። ፊታቸው ተለወጠ። ወገባቸው ቀና አለ፤ ወደ ሰማይ አይተው ስለ ደመናው አንድ ነገር ተናገሩ። ሮዛ በሶማሊኛ የተነገራትን ሳይገባት ፈገግ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ሀምሴ የደረሰችው ልጅቷ አንገቷን ስትነቀንቅ ነው።

"ምን ገዛሽ?"

"እ?"

"ምን ሸጠልሽ ነው የምልሽ።"

ሮዛ ግራ ገብቷት ወደ መስኮቴ አየች። ላስረዳ አፌን ስከፍት ሀምሴ "አንቺ ዝም በዪ" አለችኝ። ልጅቷን ቦርሳዋን አስይዛ እስከ በሩ ሸኘቻት። ከዚያ ተመልሳ ፍየሎቹን ቆጠረች፤ ግመል የሚጠብቁ ዘመዶቿ ጋ ደውላ፣ ገዢ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ እንደሆነ ጠየቀች። ማንም አልመጣም። ገዢው አለመምጣቱ ራሱ አስጠረጠራት፤ ትልቅ ነገር ቢሆን ነው እንጂ ለምን ይቆያል አለች።

አው ኤልሚ ከዚያ ወዲያ ከወንበራቸው አልነሳም አሉ። ሻርፓቸውን ቀኝ እጃቸው ላይ ጥለው ወደ በሩ እያዩ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ እጃቸውን ከነሻርፑ ለሚያልፍ ሁሉ፣ ለፍየሏም ጭምር፣ ይዘረጋሉ። ሀምሴ እየከሳች፣ ዓይኗ እየቀላ መጣ። ዒድ ቀርቧል። አንድ ቀን ከሱቄ ወጥቼ ፊት ለፊት ነገርኳት።

"ሰውየውን የጣልሻቸው አንቺ ነሽ። እሳቸው የሚፈልጉት ሰው እጃቸውን እንዲይዛቸው ነው።"

"አንቺን ሮዛ ከፍላሻለች?" አለችኝ። ቂም ያዝኩባት፤ እስከ ዛሬም ትንሽ አለ።

ግን የነገርኳት አንጀቷ ገብቶ ኖሯል፤ የገባው በራሷ መንገድ ቢሆንም። በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ በርጩማ ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች። "ለዚያች ልጅ ምን እንደሸጠላት ከራሱ አወጣዋለሁ" አለችኝ ወደ መስኮቴ ሳትዞር። ከዚያ እጇን ከሻርፑ ሥር ከተተች።

የመኪናዬን ፔዳል ለቀቅኩ። ሀምሴ ዕድሜዋን ሙሉ ያን ጨርቅ ከውጭ ስታይ ኖራ ከሥሩ መግባቷ የመጀመሪያዋ ነው። የጣቱን ቋንቋ በደንብ አታውቀውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጣት መጠበቅ ነበረባት፤ የትኛው ተጫነ፣ የትኛው ላላ፣ መዳፉ ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ። ለሌላ ሐሳብ ጊዜ አላገኘችም። ትከሻዋ ወረደ፤ ትንፋሿ ረዘመ። የግቢው በር ተንኳኳ፣ አልዞረችም። ሮዛ ለምናት እምቢ ያለችውን ነገር ለምርመራ ብላ ስታደርገው አየሁና ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት፤ ብስቅ ታቆማለች።

"ተናገረ?" አልኳት ስትጨርስ።

"አልተናገረም። ነገ ይናገራል።"

በየቀኑ ከዐስር በኋላ ምርመራው ቀጠለ። አንድ ቀን እጃቸውን እንደያዘች ልትነሳ ስትል አው ኤልሚም አብረው ተነሱ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ደላላ እጅ እንደያዘ ገዢውን ወደ ከብቱ ይወስዳል። ሀምሴን እየመሩ እስከ ፍየሎቹ ሄዱ፣ የአንዷን ጥርስ ከፍተው አሳዩዋት፣ ተመለሱ። ሀምሴ ወደ መስኮቴ መጣችና "ለዚያች ልጅ ደውዪላት" አለችኝ። "ይቅርታ ልጠይቃት እንዳይመስላት፤ ጥያቄ አለኝ በያት።"

ሮዛ ያለ ቂም መጣች። አይታ ሲያበቃ የሻርፑ ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ይህን ጊዜ ሀምሴ ራሷ ነገረቻት። ልጅቷ እግራቸውን እንዲያሰፉ፣ ሀምሴም ስትነሳ በወገቧ ሳይሆን በጉልበቷ እንድትነሳ አስተካከለችና "ሌላውን ሁሉ ይዘውታል" አለች። ሀምሴ ምስጋናውን አገላብጣ ብታየው ተንኮል አላገኘችበትም፤ ሻይ በወተት ሰጠቻት። ያም ሆኖ ስኳሩን ከፊቷ አንስታ ገባች።

ማሃድ ከዒድ በኋላ፣ እንዳለው፣ መኪና ይዞ መጣ። ሀምሴ አባቷን ንጹሕ ሽርጥ አልብሳ፣ ጢማቸውን ሂና ቀብታ ጠብቃለች። አው ኤልሚ ልጃቸውን አላወቁትም። ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት የሀምሴን ዓይን ነው።

"አቤ፣ ተነስ" አለቻቸው። አባቷን አቤ ነው የምትላቸው።

አልተነሱም። እጇን ከሻርፑ ሥር ሰደደች፤ እጃቸውን ሸሸጉ። ደግማ ለመነቻቸው። ከማሃድ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ ወንበራቸውን ጨብጠው ቀሩ። እኔም መስኮቴ ላይ ሆኜ ተነሱ በሞቴ እያልኩ በሆዴ ለመንኩ።

"በቃ አባዮ" አላት ማሃድ በለስላሳ ድምፅ፤ እህቴ ማለቱ ነው። "አየሁ። ልብሱን አሰናጂለት።"

ሀምሴ አልተከራከረችም። ይህ ነው ያስደነገጠኝ፤ በሕይወቴ እሷን ሳትከራከር አላየኋትም። ገብታ የአባቷን ልብስ በአንድ ትልቅ ድሪያ ጠቅልላ፣ ጥቅሉን አቅፋ እያለቀሰች ወጣች።

አው ኤልሚ ጥቅሉን አዩት። እሷን አዩ፤ ማሃድን አዩ፤ በሩ ላይ የቆመውን መኪና አዩ። ከዚያ እግራቸውን አሰፉ፣ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ ተነሱ። ማንም አልደገፋቸውም። ግቢውን አቋርጠው ማሃድ ፊት ቆሙና ሻርፓቸውን በእጃቸው ላይ ጥለው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

ማሃድ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ አባቱ ያስተማረውን ጨዋታ ከአባቱ ጋር ሊጫወት። ቀስ በቀስ ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ምን እየሸጠልህ ነው?" አለች ሀምሴ፣ ዕንባዋን ሳትጠርግ።

"አይሸጥም። ገዢ ሆኖ ነው የመጣው። ዝም ስለው ይጨምራል።" ከዚያ ደላላ የማያደርገውን አደረገ፤ ጮክ ብሎ ጠየቃቸው። "ምኑን ነው የምትገዛኝ፣ አቤ?"

አው ኤልሚ በአገጫቸው ጥቅል ወዳቀፈችው ሴት አመለከቱ።

"ያቺን ሴትዮ። የማን እንደሆነች አላውቅም። ወንድሟ ሳትሆን አትቀርም፤ ልትወስዳት መጥተሃል። እዚህ የሚመጣው ሁሉ እሷን ሊወስድ ነው የሚመጣው፤ ያቺ ነጭ ለባሽም ለዚሁ ነበር የመጣችው። እኔ ዘንድ ትቆይ። የምትለውን እጨምራለሁ።"

ማሃድ ራሱን ወደ ጎን አዞረ። ከሻርፑ ሥር የአባቱ ጣቶች ሲጫኑ፣ ደግመው ሲጫኑ ጨርቁ ይነቃነቃል። አላቋረጡም። በመጨረሻ ማሃድ መዳፉን አነሳና የአባቱን መዳፍ መታ፤ ድምፁ እስከ መስኮቴ ተሰማ። አው ኤልሚ እፎይ ብለው በራሳቸው እግር ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

"ደስ እንዲለው ብዬ ነው እንጂ…" አለ ማሃድ ወደ እህቱ ዞሮ።

"አይቻለሁ" አልኩት በመስኮቴ። "ምስክር ነኝ። እጅ መትተሃል፤ እሷ እሳቸው ዘንድ ትቆያለች ብለህ። እሷ የምትኖረው ደግሞ እዚህ ነው።"

ማሃድ ትክ ብሎ አየኝ። የደገሀቡር ገበያ ደላላ ነው፤ እጁን ከመታ በኋላ የሚለው የለም። "እውነቷን ነው" አለና ጥቅሉን ከእህቱ እጅ ተቀብሎ ራሱ ወደ ውስጥ አስገባው።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሀምሴ መስኮቴ ሥር መጣች። አመሰገነችኝ ልበል? አላመሰገነችኝም።

"በስንት ነው የዘጉት?" አለችኝ።

"አልነገረኝም።"

"ደብቆኛል ማለት ነው" አለች። በርጩማዋን ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች፤ እጇን ከሻርፑ ሥር ከተተችና ዓይኗን ጨፈነች።